ከዜናው ሥር የሚሮጡት ፊደላት

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ልጄ ራሄል ዛሬ ልጇን ሃኒን ይዛ ከሮቤ መጣች። ነገ ማለዳ ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች፤ ለነርሶች የሚሰጥ ሥልጠና ነው፣ ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። ባሏ ወንደሰን እንደ ልማዱ ከባድ መኪናውን ከነተሳቢው ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሃኒ እስከ ጳጉሜን እኔ ዘንድ ናት።

ሰባት ዓመቷ ነው። አታነብም። አምና ታማ ግማሹን ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርታለች፤ እናቷ ከአዳር ሥራ መጥታ ስትተኛ ልጅቷን ሲጠብቅ የዋለው ቴሌቪዥን ነው። ራሄል ይህን አልነገረችኝም። እኔ ግን ዓይን አለኝ።

የነገረችኝ ሌላ ነው። «አባዬ፣ መስከረም ላይ እዚሁ አሰላ ብትማር ደስ ይለኛል፤ ግን ሁለተኛ ክፍል ለመግባት ማንበቧን ይፈትናሉ። ካልቻለች፣ ወይም እርስዎን ካስቸገረች፣ አበራሽ አዳማ ልውሰዳት ብላለች።»

አበራሽ የወንደሰን እኅት ናት። ቤቷ ከሰው ይልቅ ቴሌቪዥን ይበዛበታል።

«እኔን ማን ያስቸግረኛል?» አልኋት።

ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ግን ልጅ በአዳማ ሙቀት ምን ትሆናለች?

ሰኔ 26

«አንተ» ትለኛለች። «አባባ፣ አንተ ጥርስህ የት ሄደ?» እርስዎ በይ አልኋት። «ካርቱን ላይ ሁሉም አንተ ነው የሚባባሉት» አለች።

ማታ አባታችን ሆይን አስደገምኋት። ጥሩ ይዛዋለች። አሜን ብለን ሳንጨርስ ሁለት እጇን እያወዛወዘች «ቪዲዮውን ከወደዳችሁት ላይክና ሼር ማድረግ እንዳትረሱ!» አለች። ግድግዳው ላይ ወዳለችው የማርያም ሥዕል ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሰኔ 29

ከገበያ የፊደል ገበታ ገዛሁ። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት አንድ ሰዓት። በመስመሩ። የሀ ቤት ሳያልቅ የለ ቤት የለም።

ሐምሌ 3

ንጋት ላይ ስነሣ ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ልጅቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ድምፁን አጥፍታዋለች፤ እኔን ለማታለል መሆኑ ነው።

ቴሌቪዥኑን ያመጣችው ራሄል ናት፤ እናቷ አሰፋች ባረፈች በዓመቱ፣ «ቤቱ ጭር እንዳይልብዎት» ብላ። የሁለት ሰዓቱን ዜና ካየሁ በኋላ የአሰፋችን ዳንቴል አለብሰዋለሁ። ሃኒ ዳንቴሉን ገልጣ እያየች ነበር።

ጎረቤቴን ኢብሳን ጠራሁት። ዲሽ የሚገጥም ልጅ ነው፤ ልጅ እላለሁ እንጂ የአራት ልጆች አባት ነው።

«ይህን ወስደህ እስከ ጳጉሜን ቤትህ አስቀምጥልኝ።»

«ኦቦ እንደሻው፣ ምን አጠፋ ምስኪኑ?»

«ውሰድ አልሁህ።»

ተሸክሞት ሄደ። ዳንቴሉ ከእኔ ዘንድ ቀረ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ወደ ጭላሎ በኩል ምንም አይታይም። ጭቃው አላስወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

ሃኒ ዛሬ «አባባ፣ አንተን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ማንም አልኋት። እውነት ነው። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ያደግሁት አቦምሳ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። የጭቃውን ግድግዳ በየዓመቱ መስከረም ላይ በጋዜጣ ታለብሰው ነበር፤ በዱቄት ሙጫ። ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገልብጣ ትለጥፈዋለች። እኔ የምተኛበት በኩል ያለው ሁሉ የተገለበጠ ነበር። ከነዚያ አንዱ ላይ የሳሙና ሥዕል አለ። ከሥሩ ሦስት ምልክት። ሳሙና መሆኑን ከሥዕሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳ፣ ሁለተኛው ሙ፣ ሦስተኛው ና መሆን አለበት አልሁ። ከዚያ ና የሚለውን ምልክት በሌላ ቦታ ፈለግሁ። እንዲህ እያልሁ በሁለት ክረምት ግድግዳውን ጨረስሁት።

ችግሩ፣ ቀና ያለ ጽሑፍ ሲሰጡኝ ማንበብ አለመቻሌ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ። ግድ አልሰጠኝም። እሱንም ራሴ አቀናሁት። በኋላ የወፍጮ ሞተር የማደሱንም ሥራ እንዲሁ ከመመሪያ ወረቀት ላይ ተማርሁ፤ ከአርቦዬ እስከ ሮቤ እጄ ያልገባበት ወፍጮ ጥቂት ነው።

እስካሁን ድረስ የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ቀናው አነባለሁ። ቢሮ ስገባ ጸሐፊው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ የሚጽፈውን እኔ ወዲህ ሆኜ ከእሱ እኩል አንብቤ እጨርሳለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሃኒም አልነገርኋትም።

እንግዲህ ለልጅ ገበታ ገዝቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያስተምር እያላት አልችልም ማለት ስንፍና ነው።

ሐምሌ 12

የሀ ቤት። ሁለተኛ ሳምንት። ሀ ሁ ሂ ትልና መስኮት ታያለች። ቁጣዬ መጣ። ከትምህርት በኋላ ግን ኢብሳ ቤት ከልጆቹ ጋር ልጫወት ስትለኝ ፈቀድሁ። ጨዋታ ለልጅ ጥሩ ነው። እዚያ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ደስተኛ ናት።

ሐምሌ 16

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃኒን ልጠራ ኢብሳ ቤት ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስድስት ልጆች መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ መካከላቸው ሃኒ። ፊት ለፊታቸው የገዛ ቴሌቪዥኔ።

የኢብሳ ትልቋ ልጅ «አያትሽ ለምን ሰጡን?» ትላለች።

«አባባ ቴሌቪዥን ይፈራል» አለች ሃኒ።

ልጆቹ ተንከተከቱ። የኢብሳ ሚስት ዘይቱና ከጓዳ ብቅ ስትል እኔን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሃኒን እጇን ይዤ ወጣሁ። ዶፍ ይጥል ነበር። ጃኬቷ እዚያው ቀረ። ዘይቱና ከኋላ «ኧረ ጃኬቷን!» ስትል ሰምቻለሁ። አልተመለስሁም።

አልፈራም። በሰባ አራት ዓመቴ ቴሌቪዥን ልፈራ?

ሐምሌ 18

ሃኒ ታተኩሳለች። ጉንፋን ነው።

ሐምሌ 19

ጤና ጣቢያ። ሳንባዋን ነክቷታል አሉ። ሽሮፕ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ራሄል ደወለች። ደህና ናት አልኋት።

ሐምሌ 20

አልበላ አለች። ጃኬቱን ዘይቱና አድርቃ፣ አጥፋ አመጣችው። ምንም አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 22

ትኩሳቱ ወረደ። ኢብሳ ሳይጠራ መጣ፤ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ። አልጋዋ ግርጌ አስቀምጦ ገመዱን ሰካ።

«ማን አምጣ አለህ?»

«ለበሽተኛ ነው ኦቦ እንደሻው። ለእርስዎ አይደለም፤ አይፍሩ።»

በዚያ ዝናብ መልሶ መሸከሙ ስለሚከብደው ተውሁት። ሃኒ ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣች። የምታየውን ማወቅ ስላለብኝ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ለቁጥጥር ብቻ ነው አልኋት።

ሐምሌ 25

ለቁጥጥር አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ። ስለ ንቦች ነበር። የሚረባ ነገር አለው።

ሐምሌ 27

ለቁጥጥር ሁለት ሰዓት ተኩል። በነፋስ የሚዞር ወፍጮ አሳዩ፤ ሌላ አገር ነው፣ ከእንጨት የተሠራ። የጥርሱን አገጣጠም ሳላይ ወደ ዘፈን ቀየሩት። በጣም ተናደድሁ። ሃኒ «አባባ፣ በኢብሳ ስልክ እንፈልገው» አለች። ለኢብሳ ነገረችው። ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ቆምን፤ ጥርሱን እስኪበቃኝ አየሁ። እኔ ብሠራው አንዱን ጥርስ አሳንሰው ነበር።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ስለገባ እንቁላሉ ተጠራቅሟል። ሃኒ በስልክ አየሁ ብላ ሦስት እንቁላል ውኃ ውስጥ ከተተች፤ ሰመጡ። የቤቱን ጨው በሙሉ ጨመረችበት፤ ተንሳፈፉ። ውሸት ነው፣ ማታለያ አለው አልሁ። ውሸት መሆኑን ለማረጋገጥ ከሱቅ ጨው አስመጥቼ ሦስት ጊዜ ሞከርሁት። ውሸት አይደለም።

ነሐሴ 4

ሽንኩርት ቆርጦ ካልሲ ውስጥ አድርጎ መተኛት ጉንፋን ይነቅላል የሚል ደግሞ አምጥታለች። የሚመስል ነገር ነው። እንሞክረው አልሁ፤ ከኢብሳ ልጆች አንዱ ጉንፋን ይዞታል። ጠዋት ሄደን ጠየቅነው። ንፍጡ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የካልሲው ሽታ ብቻ ነው።

«ስለዚህ ዋሽተዋል?» አለች ሃኒ።

«ያሉትን ሞክረሽ አየሽ። ከእንግዲህ የሚያሳዩሽን ሁሉ እንዲሁ አድርጊ።»

«እሺ፤ ግን አንተ ስትሞክር እኔም ልኑር።»

እርስዎ በይ ማለቱን ረሳሁት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን በጥንቃቄ ልጻፈው።

የስድስት ሰዓት ዜና ነበር። የኢብሳ ሕፃን ልጅ እኛ ቤት ተኝቷል። ሃኒ እንዳይነቃ ብላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው። እኔ መነጽሬን ስወለውል እሷ ለራሷ ታንሾካሹካለች።

«…በአብዛኛው የአገሪቱ አካባቢ… ከባድ ዝናብ… ይኖራል…»

«ማን ነገረሽ?»

«እዚህ ሥር የሚሮጠው።»

መነጽሬን አደረግሁ። ከዜናው ሥር በቀይ መደብ ላይ ጽሑፍ ይሮጣል። ቀጥይ አልኋት። ቀጠለች። አንዳንዱን ዘለለች፤ አንዳንዱን ሳታየው ገመተች። ግን አነበበች። ልጅቱ ታነባለች።

«መቼ ተማርሽው?»

«ሮቤ። እማ አዳር ሠርታ ስትተኛ እንዳትነቃ ድምፁን አጠፋዋለሁ። ከዚያ የሚሉትን ከሥር አየዋለሁ። ደመናውን ሲያሳዩ ዝናብ ይላል። ዝ፣ ና፣ ብ። ከዚያ ና የሚለውን ሌላ ቦታ ፈለግሁት።»

ሳሙናዬ ትዝ አለኝ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምሁ።

ያን ዕለት ንጋት ላይ ድምፁን አጥፍታ ያገኘኋት ልታታልለኝ አልነበረም። እንዳልነቃ ነው።

ስመለስ ገበታውን ሰጠኋት። ሀ ሁ ሂ ብላ መስኮት አየች። ጋዜጣ ሰጠኋት። ብዙ ቆየችና «ይሄኛው አይሄድም» አለች። የቆመ ፊደል አታነብም። እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ጋዜጣውን ይዤ ከፊቷ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ አድርጌ ጎተትሁት። አነበበች።

በአሰላ ከተማ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ሲጎትት የዋለ ሽማግሌ ቢኖር እኔ ነኝ።

ነሐሴ 11

ሣጥን ሠራሁ። ከፊቱ መስኮት ተቆርጦለታል፤ ውስጡ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት መዘውር አለ። የጋዜጣ መስመር እየቆረጥሁ በዱቄት ሙጫ ጫፍ ለጫፍ አያይዤ ጠቀለልሁት። እጀታውን ሳዞር ጽሑፉ በመስኮቱ ያልፋል። የኢብሳ ልጆች ተሰብስበው ሊያዩ መጡ። ኢብሳም መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ዲሽ አይፈልግም?» አለ።

ነሐሴ 20

ዘዴው ይህ ነው። በየቀኑ ትንሽ አዘገየዋለሁ። ዛሬ በጣም ቀስ ብሎ እየሄደ ሙሉ አንድ ጥቅል አነበበች። መካከል ላይ ሳልነግራት አቆምሁት። ሦስት ቃል አንብባ «ቆሟል!» ብላ ጮኸች። ሆኖም ሦስቱን አንብባለች።

ነሐሴ 24

አበራሽ ደወለች። ለሃኒ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ሐምራዊ ነው አለች። ቤቷ ኢንተርኔትና ኮምፒውተርም አለ። ጥሩ ነው አልኋት።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ አልሆነም። ሃኒ አንድ ቃል ብትሳሳት ጮኽሁባት። የእጀታው ምስማርም ተሰበረ፤ በኃይል አዙሬው ነው። ሃኒ ምስማሩን ከመሬት አንሥታ ሰጠችኝ። «አባባ፣ ይጠገናል» አለች።

ጠገንሁት። ሰው በአልጋ ቀለም እንዲህ ይናደዳል?

ጳጉሜን 1፣ ዓርብ

ራሄል መጣች። ሃኒ ካልሲና ሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን፣ ሣጥኑን ሁሉ አንድ ላይ ልትነግራት ስትል እስትንፋስ አጠራት። ፈተናው ሰኞ ነው።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

መምህርቷ ሳምራ የምትባል ወጣት ናት። እኔና ራሄል በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሃኒ ፊት መጽሐፍ ተዘረጋ። ዝም አለች። መስኮት አየች። ከሣጥኑ ውጪ፣ ከሰው ፊት፣ የቆመ ፊደል። ከዘራዬን ጨበጥሁ።

ከዚያ መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ግራ ቀስ አድርጋ መጎተት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው የኔ ቆንጆ?» አለች መምህርቷ።

«እያስኬድኩት ነው።»

መጽሐፉ ከጠረጴዛው ጫፍ ወጥቶ እስኪወድቅ ድረስ አነበበች። አንሥታው ቀጣዩን ገጽ ሳትጎትት አነበበችው።

መምህርቷ ሳቋን ይዛ «ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

«ቴሌቪዥን። አባባ ደግሞ ቀስ አደረገው።»

ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የአንድ ክረምት ድካሜን ለቴሌቪዥን መስጠቷ ቅር ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። መንገድ ላይ ሳስበው መላልሼ ሳቅሁ። ራሄል ዞር ብላ አየችኝ።

ያው ዕለት፣ ከምሳ በኋላ

ራሄል እንዲህ አለች፤ «አባዬ፣ ፈተናውን አለፈች፤ አመሰግናለሁ። ግን ሐምሌ ላይ መታመሟን ከዘይቱና ነው የሰማሁት። ስደውል ደህና ናት አሉኝ። እርስዎም አርጅተዋል። አበራሽ ቤት ሰው አለ፣ ሐኪም ቅርብ ነው።»

ዝናብ ውስጥ የጎተትኋት እኔ ነኝ፣ ጃኬቷን ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እዚህ ጻፍሁት። ለእሷ ያልሁት ግን «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ውሰጃት» ነው።

«እሺ» አለች ራሄል።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ለራሄል ነገርኋት። ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጃኬቱም፣ በስልክ ስለዋሸሁትም። ትዳሯን ከመባረክ ሌላ ይህን ያህል ረጅም ነገር ነግሬአት አላውቅም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነሥታ ወረቀትና እርሳስ አመጣች፤ ሃኒ ፊት አኖረችው።

«አሁን መጻፍም ትችያለሽ አይደል? የት መሆን እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ። ማንም አያይብሽም።»

ሃኒ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። እኔ ፊት ለፊቷ ነኝ። ራሄል ከጎኗ ሆና እንዳታይ ሃኒ በክንዷ ከለለችው። በእኔ በኩል አልከለለችም። ለአያቷ የተገለበጠ ነው፣ አያነብም ብላ ነው።

ልነሣ አሰብሁ። አልተነሣሁም። መነጽሬን ብቻ ወደ ላይ ገፋ አደረግሁ።

ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፤ መስመር አይጠብቁም። እንዲህ ይላል፤

«እማ እዚህ ልሁን። አባባ ቴሌቪዥን ብቻቸውን ማየት የለባቸውም። ለቁጥጥር ሰው ያስፈልጋቸዋል።»

ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ሃኒ ወረቀቱን አጥፋ ለእናቷ ሰጠቻት። ራሄል አነበበችው፤ እኔን አየችኝ፤ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። «አበራሽዬ፣ አልጋውን ለሌላ ልጅ ስጪልኝ» ስትል ሰማሁ።

ሃኒ «አባባ፣ ምን እንደጻፍኩ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ከየት አውቃለሁ?» አልሁ።

ከሰዓት በኋላ የአሰፋችን ዳንቴል አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።